«ጥፋተኛው ማን ነው?»
በስምምነት የሚፈጸም ፍቺ ከመዲና እስከ አዲስ አበባ



ከጥቂት ጊዜ በፊት ወደ አንድ ወንድማችን ቤት ለሽምግልና ተጠርቼ ነበር። እኔ በባል ወገን፣ አንድ የሰፈራችን አዛውንት ሼኽ ደግሞ በሚስት ወገን ተቀመጥን። እንደ ልማዳችን ቡናው ተፈልቶ፣ ዱዓ ተደርጎ ሲያበቃ «በሉ እንግዲህ፣ ጥፋተኛው ማን ነው?» ብለን ጠየቅን። ሁለቱም ዝም አሉ። ኋላ ላይ ሴትየዋ «ጋሼ፣ ጥፋተኛ የለም። አሥራ አራት ዓመት ኖረናል፤ አላህ ሦስት ልጆች ሰጥቶናል። ከእንግዲህ ግን አብረን ብንቀመጥ አንዳችን የሌላውን ሐቅ መንካታችን አይቀርም ብለን ፈራን። ተስማምተናል። የጠራናችሁ ወረቀቱን እንድታዩልን ነው» አለች። ባልየውም አቀርቅሮ «እውነቷን ነው» አለ።

እውነቱን ለመናገር ሁለታችንም ቅር አለን። ሽማግሌ ተጠርቶ የሚዳኘው ነገር ሲያጣ እንደተናቀ ይሰማዋል። ወደ ቤታችን ስንመለስ ሼኹ «ይኼ የፈረንጅ ፍቺ ነው፤ ከእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» አሉኝ። እኔም በጊዜው ተስማማሁ። ሌሊት ግን ነገሩ አላስተኛኝ ስላለ መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርኩ። ያገኘሁት ከጠበቅኩት የተለየ ሆነ። ለእናንተም ላካፍላችሁ የወደድኩት እሱኑ ነው። ዓላማዬ ፍቺን ማስወደድ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኛል ብዬ አምናለሁ። የልጆች እንባ ምን እንደሚመስል በሽምግልና የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል።

ነገሩ የሚጀምረው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከተማ በመዲና ነው። ሣቢት ኢብኑ ቀይስ (ረ.ዐ.) የአንሷር አፈ ጉባኤ፣ በንግግር ችሎታው የታወቀ፣ የተከበረ ሰሐባ ነበር። ሚስቱ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጣች። ስሟን አንዳንዱ ዘገባ ጀሚላ ሲል ሌላው ሐቢባ ቢንት ሰህል ይላታል፤ ከሊቃውንት መካከልም ሁለት የተለያዩ ታሪኮች ናቸው ያሉ አሉ። በኢማም ማሊክ ሙወጧእ በተዘገበው መሠረት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለሱብሒ ሲወጡ ገና ጨለማ ሳለ በደጃፋቸው ቆማ አገኟት። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) በዘገቡትና በቡኻሪ በሰፈረው ደግሞ ሴትየዋ በባሏ ሃይማኖትም ሆነ ጠባይ ነቀፌታ እንደሌላት ተናገረች። ልቧ ግን አልተቀበለውም። ከእርሱ ጋር ስትኖር በኢስላም የማይገባ በደል ውስጥ እንዳትገባ ሠጋች።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህች ሴት በዚያች ጎህ የቆመችው ባሏን ለመክሰስ አልነበረም። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) «ጥፋቱ ምንድን ነው?» ብለው አልመረመሯትም። የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለመህር የሰጣትን የአትክልት ቦታ ትመልስለት እንደሆነ። እሺ አለች። ሣቢትንም ቦታውን ተቀብሎ አንድ ፍቺ እንዲፈታት አዘዙት። በሌላ ዘገባ ከሰጣት በላይ እንዳይወስድ መከልከላቸው ተመልክቷል። በኢስላም የመጀመሪያው ኹልዕ ይህ እንደነበረ ይነገራል። ሚዛናዊ ለመሆን ያህል፣ በአቡ ዳውድ በተላለፈው የሐቢባ ታሪክ ባሏ እንደመታትና እንደጎዳት መጠቀሱንም መደበቅ አይገባም። በዚያ ዘገባ ነገሩ የልብ አለመስማማት ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

የዚህ ሁሉ መሠረት በሱረቱል በቀራ 229ኛው አንቀጽ ነው። ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው አንቀጹን ሲያነብ አንድ ነገር ልብ ይላል። የአላህን ወሰን አንጠብቅም ብለው የሚፈሩት «ሁለቱ» ናቸው። ዐረብኛ ለሁለት ሰዎች ብቻ የሚያገለግል የግሥ እርባታ አለው፤ እዚያ ላይ የገባው እሱ ነው። ስለዚህ ፍርሃቱ የባልም የሚስትም ነው። ወዲያው ቀጥሎ ግን ንግግሩ ወደ ብዙ ቁጥር ይዞርና «እናንተ» ይላል። ይህ «እናንተ» ማን ነው? ሐሰን አል-በስሪና ኢብኑ ሲሪን ዳኞችን ነው ብለው ኹልዕ በሹም ፊት ካልሆነ አይጸናም አሉ። አብዛኞቹ ሊቃውንት፣ የአራቱ መዝሀቦች ኢማሞች ጭምር፣ ባልና ሚስት ከተስማሙ የዳኛ ፈቃድ አያስፈልግም ብለዋል። ዑመርና ዑሥማን (ረ.ዐ.) ያለ ሹም ፊት የተደረገን ኹልዕ እንዳጸደቁ ተዘግቧልና።

በዑሥማን ዘመን የሆነችው የሩበዪዕ ቢንት ሙዐውዊዝ ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። ይህች ሰሐቢያ ከባሏ ጋር ስትለያይ ያላትን ሁሉ ልትሰጠው ተስማማች። ኋላ ክርክር ቢነሳ ዑሥማን ከፀጉር ማሰሪያዋ በስተቀር ሁሉንም ሊወስድ እንደሚችል ፈረዱ። ይህን ሳነብ፣ ያ ባል የፀጉር ማሰሪያ እስከሚቀር ድረስ ለመውሰድ ልቡ እንዴት ቻለ ብዬ መገረሜ አልቀረም። ሕጉ ፈቀደለት ማለት ወግ ነው ማለት አይደለም። ቁርኣንም በሱረቱ ኒሳእ 19ኛው አንቀጽ የሰጡትን ለመንጠቅ ሲሉ ሚስቶችን ማጨናነቅን ከልክሏል።

ፉቀሃዎች በዚህ ጉዳይ ብዙ ደክመዋል። በሚስት በኩል ክፍያ ካለበት ኹልዕ ሌላ «ሙባረአ» የሚሉት አለ፤ ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ ካለባቸው የጋብቻ ዕዳ ነጻ ተባብለው የሚለያዩበት ነው። አንተም አትጠይቀኝ፣ እኔም አልጠይቅህም እንደማለት ነው። በሐነፊያ ዘንድ ይህ ሲፈጸም ያልተከፈለ መህርና ከጋብቻው የመጣ ቀሪ ሒሳብ ይዘጋል። በማሊኪያ ዘንድ ደግሞ ትልቅ ጥበቃ አለ። ሚስት ንብረቷን የለቀቀችው ባሏ ስላሠቃያት መሆኑ ከተረጋገጠ፣ ፍቺው ጸንቶ ገንዘቧ ይመለስላታል። ይህ ሕግ ተግባር ላይ ሲውል ማየት ያሻው ሰው የተስማማንበት የሚባል ወረቀት ሁሉ በእርግጥ ስምምነት አለመሆኑን ይረዳል። ወረቀቱ ሁለት ፊርማ ይኖረው ይሆናል፤ አንደኛው ፊርማ ግን በዕንባ የተፈረመ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሥርዓት በመጻሕፍት ብቻ የቀረ አልነበረም። በ15ኛው ምዕተ ዓመት በካይሮ ይኖር የነበረው ታሪክ ጸሐፊው አስ-ሰኻዊ (እ.ኤ.አ. በ1497 መዲና ላይ የሞተ) በትልቁ የሕይወት ታሪክ መዝገቡ አንድ ሙሉ ጥራዝ ለሴቶች ሰጥቷል። ከዚያ ተነሥተው የዘመናችን ተመራማሪዎች ባደረጉት ስሌት፣ በመምሉኮች ዘመን ካይሮ ከአሥር ጋብቻዎች ሦስቱ ያህል በፍቺ ያበቁ ነበር። ከፍቺዎቹም ብዙዎቹ በስምምነት የተደረጉ ነበሩ። አያቶቻችን ሁሉ እስከ መቃብር አብረው ኖሩ ለምንል ሰዎች ይህ ያስደነግጣል። ግን በዚያው ከተማ ዑለማው፣ መስጂዱ፣ መድረሳው ሁሉ ሙሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ በዑሥማኒያ መንግሥት የቃዲዎች መዝገብ ይበልጥ ይናገራል። በኢስታንቡልና በሌሎች ከተሞች የተጻፉት መዝገቦች ለኹልዕ የታወቀ አገባብ ነበራቸው። ሴትየዋ ትቀርባለች፤ በመካከላችን መልካም አብሮ መኖር ጠፍቷል ትላለች፤ ቀሪ መህሯንና የዒዳ ቀለቧን ትለቃለች፤ ባል እሺ ይላል፤ ጸሐፊው ይመዘግባል። ከዚህ የበለጠ ዝርዝር ብዙውን ጊዜ የለም። ማን እንደሰደበ፣ ማን እንዳመሸ፣ የማን እናት ምን እንዳለች አልተጻፈም። ልጅ ልጆቻቸው መዝገቡን ቢያነቡት የሚያፍሩበት ነገር አያገኙም። የቃዲው ጸሐፊ በዝምታው ስንት ቤተሰብ ከውርደት እንዳዳነ አላህ ነው የሚያውቀው።

አሁን ወደ ሼኹ ቃል ልመለስ። «የፈረንጅ ፍቺ» ብለውታል። የፈረንጁ ታሪክ ግን ራሱ ሲንገዳገድ የኖረ ነው። ፈረንሳይ በአብዮቷ ጊዜ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1792 በስምምነት መፋታትን ፈቀደች። የናፖሊዮን የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1804 ይህን ቢያስቀጥልም በብዙ ማሰሪያ አጠረው። የወላጆች ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሚስት 45 ዓመት ከሆናት አይቻልም። ነገሩ የሚያስቀው፣ ናፖሊዮን ራሱ በ1809 መጨረሻ ከጆሴፊን ጋር በስምምነት ሲለያይ እሷ 46 ዓመቷ ነበር። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ በራሱ ሕግ መሄድ አቅቶት በሴኔት ውሳኔ ተፋታ። በ1816 ፈረንሳይ ፍቺን ጭራሽ ከለከለች። በ1884 ስትመልሰው ጥፋት ሲኖር ብቻ አለች። በስምምነት መፋታት ዳግመኛ የተፈቀደው በ1975 ነው። ከመዲናዋ ጎህ 1300 ዓመት ተቆጥሮ ማለት ነው።

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ እንዳይመስላችሁ፤ ወደ አገራችን የሚያደርሰን መንገድ እዚሁ ላይ ነውና። በ1952 ዓ.ም. የወጣውንና ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናውን የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ናቸው። በዚያን ጊዜ በራሳቸው አገርም በስምምነት መፋታት አልተፈቀደም ነበር። የእኛም ሕግ እንዲሁ የባልና ሚስት ስምምነት ብቻውን ለፍቺ ምክንያት እንደማይሆን ደነገገ። ፍቺ የሚሻ ሰው ጉዳዩን ለቤተ ዘመድ የሽምግልና ዳኞች ያቀርባል። ዳኞቹም ምክንያቱ ከባድ ነው ወይስ አይደለም ብለው ይመረምራሉ። ዝሙት ከከባዶቹ አንዱ ነበር። ከባድ ምክንያት ከሌለ ለማስታረቅ ረጅም ጊዜ ይወሰዳል። ጥፋተኛ የተባለውም ወገን በንብረት ክፍፍሉ ሊቀጣ ይችል ነበር።

እስቲ በዚያ ዘመን የተስማሙ ባልና ሚስትን አስቡ። ሁለቱም በሰላም መለያየት ይፈልጋሉ፤ ሕጉ ግን «ጥፋተኛው ማን ነው?» ይላቸዋል። ወይ ይጠብቃሉ፣ ወይ ከሁለት አንዱ ያልሠራውን ጥፋት ይሸከማል፣ ወይ በውሸት ይካሰሳሉ። ሽማግሌውም ሐሰት መሆኑን እያወቀ ይሰማል። እኔም የዚያ ልማድ ልጅ ስለሆንኩ ነው ለካ ያን ጥያቄ ገና ቡናው ሳይቀዘቅዝ የጠየቅሁት! የሃይማኖቴ ጥያቄ ነው ብዬ የያዝኩት የሕግ ጥያቄ ሆኖ ተገኘ።

በዚያው ዘመን ሙስሊሞች ሌላ በር ነበራቸው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የእስልምና ፍርድ ቤቶችን የሚያቋቁም አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ በ1936 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 62 ተተካ። ይህ አዋጅ የናኢባ ምክር ቤት፣ የቃዲ ምክር ቤትና የበላይ የሸሪዓ ፍርድ ቤት አቋቁሞ የኒካሕን፣ የፍቺን፣ የቀለብን፣ የውርስንና የወቅፍን ጉዳይ ሰጣቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሲወጣ ስለ እነዚህ ፍርድ ቤቶች ምንም ሳይል አለፈ። ተሽረዋል፣ አልተሻሩም በሚል የሕግ ሰዎች ሲከራከሩ ቃዲዎቹ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ፤ በደርግ ዘመንም አልተዘጉም። ስለዚህ በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሁለት ጎረቤታሞች ሁለት የተለያየ ዕድል ነበራቸው። ክርስቲያኖቹ ተስማምተው መፋታት ሕጉ ይከለክላቸዋል፤ ሙስሊሞቹ ቃዲ ፊት ቀርበው በኹልዕ ይለያያሉ። ለአርባ ዓመት ያህል በስምምነት መለያየት በአገራችን በሕግ ቦታ የነበረው በቃዲው ደጅ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኙ እንደሚችሉ ተመለከተ። በዚህ መሠረት በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን በሦስት ደረጃ አደራጀ፤ የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ ብሎ። ቁልፉ ነገር ፈቃድ ነው። አንደኛው ወገን በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት አልፈልግም ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይተላለፋል።

በዚያው ዓመት ሰኔ 27 ቀን የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ወጣ። አርባ ዓመት የተዘጋውን በር የከፈተው ይህ ነው። ባልና ሚስት ለመፋታት ከተስማሙ፣ ስምምነታቸውንና የፍቺውን ውጤት፣ ማለትም የንብረቱን፣ የልጆቹን፣ የቀለቡን ነገር በጽሑፍ አድርገው በጋራ ለፍርድ ቤት ያቀርባሉ። የሚፋቱበትን ምክንያት እንዲገልጹ አይገደዱም። የኢስታንቡሉ ጸሐፊ ያልጻፈውን የአዲስ አበባውም ዳኛ እንዲጻፍ አያስገድድም። ሽማግሌ የማስታረቅ ድርሻው ቀረለት እንጂ ፍቺ የመወሰን ሥልጣኑ ተነሣ። ይህ አዋጅ የሚሠራው ፌዴራሉ መንግሥት በሚያስተዳድራቸው ከተሞች ሲሆን፣ በርካታ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል።

ዳኛው ዝም ብሎ ማኅተም መቺ ነው ማለት አይደለም። ባልና ሚስቱን ለየብቻም ሆነ በአንድነት አነጋግሮ ሐሳባቸውን እንዲቀይሩ ይሞክራል፤ ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጣቸው ይችላል። ስምምነቱ የሁለቱም ነጻ ፈቃድ መሆኑን ማመን አለበት። የልጆቹን ወይም የአንደኛውን ወገን ጥቅም በሚገባ የማይጠብቅ ሆኖ ካገኘው፣ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ በቀረው ላይ ተገቢውን ውሳኔ ይሰጣል። የማሊኪያ ሊቃውንት ፍቺው ይጽና፣ ገንዘቡ ግን ይመለስ ሲሉ ያሰቡት ከዚህ ሩቅ አይደለም። መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው፤ እነሱ በደል ሲረጋገጥ ነው ያሉት፣ ሕጉ ደግሞ ዳኛው ገና ሲጀመር እንዲመለከት ያዝዛል። ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ፍቺም እንደ ልደትና ጋብቻ በወሳኝ ኩነት መዝገብ ይመዘገባል። ይህን ሳያደርጉ ቀርተው ኋላ ሌላ ኒካሕ ሲያስሩ ወይም ውርስ ሲከፈል የሚቸገሩ ብዙ ናቸውና ቸል የሚባል አይደለም።

ወደ ወረቀቱ ልመለስና ልጨርስ። ያ ባልና ሚስት የሸሪዓ ፍርድ ቤቱን መረጡ። ከመሄዳችን በፊት ወረቀቱን ከሼኹ ጋር ደግመን አየነው። ሴትየዋ ያልተከፈላትን መህር ለቃለች። ይህ መብቷ ነው። ከታች ግን በአንድ መስመር «ለልጆቹም ቀለብ አልጠይቅም» ብላ ጽፋ ነበር። ሼኹ መነጽራቸውን አውልቀው «ልጄ፣ ይኼን ማን ጻፊ አለሽ?» አሏት። «ማንም። ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ብዬ ነው» አለች። ባልየው መሬት መሬት ያይ ነበር። ፉቀሃዎች እናት ልጇን ለተወሰነ ጊዜ ማጥባቷን ወይም ማሳደጓን የኹልዕ ምትክ ልታደርገው የምትችልበትን ሁኔታ ተናግረዋል። ይሁን እንጂ እሷ ካቃታት ልጁ አይራብም፤ አባት ይጠየቃል። ቀለቡ የልጁ ሐቅ ነውና።

መስመሩን ሳንሰርዘው ወሰድነው፤ ዳኛው ራሳቸው ይዩት ብለን። ቃዲው ወረቀቱን አነበቡ። መጀመሪያ እሷን ለብቻ፣ ቀጥሎ እሱን ለብቻ አነጋገሩ። ጥፋተኛው ማን ነው ብለው አልጠየቁም። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያስገቧቸው የመጀመሪያው ጥያቄ ለባልየው ነበር፤ «የወር ገቢህ ስንት ነው?» አሉት። ነገራቸው። ያቺን መስመር በእስክሪቢቷቸው ሰርዘው በምትኩ ለሦስቱ ልጆች በየወሩ የሚከፈል ቀለብና የትምህርት ቤት ወጪ እንዲጻፍ አደረጉ፤ ለዕርቅም አንድ ጊዜ ደግመው እንዲያስቡ ቀጠሮ ሰጧቸው። በቀጠሯቸው ተመልሰው መጡ፤ ሐሳባቸው አልተለወጠም ነበር። ተለያዩ። ትንሹ ልጅ በሐሙስና በጁምዓ ከአባቱ ጋር መስጂድ ይሄዳል፤ ይህም በወረቀቱ ላይ ተጽፏል።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ሼኹ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ለመሆኑ ግን ማን ነበር ጥፋተኛው?» አሉኝ።

ሁለታችንም ሳቅን። ወላሁ አዕለም።